ነፍሱ ከሄደች ሬሳውን ለምን ያደርቁታል? የጥንት ግብፃውያን ሞትና ከሞት ወዲያ

ጥያቄ፦ «ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር ስለ ጥንታዊ ግብፅ የሚያሳይ ፕሮግራም እያየን ነበር። ድንገት ‹ነፍሱ ከሄደች ሬሳውን ለምን እንደዚያ ደክመው ያደርቁታል?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ኢንተርኔት ላይ ሳገላብጥ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። አንዱ ‹ሰው አምስት ነፍስ አለው ብለው ያምኑ ነበር› ይላል፣ ሌላው ሰባት፣ ሌላው ዘጠኝ። ሰው ሞቶ እንስሳ ሆኖ ይመለሳል ይሉ ነበር የሚልም አለ። የቱን ልንገራት?»

ምላሽ፦ ልጅዎ የነካችው ዋናውን ነገር ነው። የጥንቷን ግብፅ ሃይማኖት ሳስተምር ብዙ ተማሪ ወደዚህ ጥያቄ የሚደርሰው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው። እሷ ከዚያ ነው የጀመረችው።

ግራ የሚያጋባን «ነፍስ» የምትለው ቃላችን ናት። እኛ ነፍስ ስንል ሥጋ ውስጥ የምታድር፣ በሞት ጊዜ ወጥታ የምትሄድ ነገር እናስባለን። ሥጋ አፈር ይሆናል፣ ነፍስ ወደ ፈጣሪዋ ትሄዳለች። በዚህ ዓይን ካየነው ሬሳ ማድረቅ ከንቱ ድካም ነው። ተከራይ ለቆ የወጣበትን ቤት ቀለም እንደ መቀባት። የጥንት ግብፃዊ ግን እንዲህ አያስብም። ለእሱ ሰው የብዙ ነገር ጥቅል ነው። ሥጋ አለው፣ ልብ አለው፣ ስም አለው፣ ጥላ አለው፣ «ካ» የሚሉት አለው፣ «ባ» የሚሏት አለችው። እነዚህ አንድ ላይ እስከታሰሩ ድረስ ሰውየው አለ። ሲሞት እስሩ ይፈታል፣ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። ከዚያ በኋላ ያለው መግነዙ፣ ድግምቱ፣ መቃብሩ፣ መባው ሁሉ የተበተነውን ለመሰብሰብ ነው።

የአማልክቶቻቸው ታሪክም ይኸው ነው። ኦሲሪስ ንጉሥ ነበር። ወንድሙ ሴት ገደለው (ስሙ ነው ሴት፣ እሱስ ወንድ ነው)። ሬሳውንም ቆራርጦ በተነው። ሚስቱ ኢሲስ በየቦታው ዞራ ለቀመችው፣ ገጣጠመችው። አኑቢስ ገነዘው። ኦሲሪስ ተነሣ፣ ግን ወደዚህ ዓለም አልተመለሰም። የሙታን ንጉሥ ሆነ። ስለዚህ ነው በመቃብሮችና በፓፒረሶች (በጥንታዊ የጽሕፈት ጥቅልሎቻቸው) ላይ ሟች በስሙ ብቻ የማይጠራው። አኒ የሚባል ሰው ከሞተ «ኦሲሪስ አኒ» ይባላል። እሱም ተቆራርጧል፣ እሱም ይሰበሰባል ማለት ነው።

ኦሲሪስ የእህልም አምላክ ነው። ሞቶ የሚበቅል ዘር ነው። በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ በኦሲሪስ አምሳል የተሠራ የእንጨት ቅርጽ ተገኝቷል። ውስጡ የዓባይ ደለል ተሞልቶ እህል ተዘርቶበታል፣ እህሉም በጨለማው መቃብር ውስጥ በቅሏል። ያ ደለል ከየት ሄደ ቢሉ፣ በአብዛኛው በክረምት ጎርፍ ከኛ ደጋ እየታጠበ የወረደ ነው። አገራቸውን «ጥቁሪቱ ምድር» ብለው የጠሩትም በዚሁ አፈር ነው። የሙታን ንጉሣቸው የበቀለው በጎጃምና በወሎ አፈር ላይ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አሁን ቁጥሩን እንገላገል። ግብፃውያን «የሰው ክፍሎች ይህን ያህል ናቸው» ብለው የወሰኑት አንድ ዝርዝር የለም። አምስትም፣ ሰባትም፣ ዘጠኝም የሚሉት የኛ ዘመን ጸሐፊዎች ከ2000 ዓመት በላይ ከተዘረጋ ጽሑፍ ለቃቅመው ያዘጋጇቸው ናቸው። ግብፃውያኑ ራሳቸው ሲዘረዝሩ እኛ የማንጠብቀውን ይጨምራሉ። በሦስተኛው ቱትሞስ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ.፣ አመነምሃት የሚባል ጸሐፊ ነበር። ቴብስ ባለው መቃብሩ ውስጥ መባ የሚቀርብላቸውን ሲያስቆጥር ካውን፣ ባውን፣ ሥጋውን፣ ጥላውን ይጠራና ዕጣ ፈንታውን ያስከትላል። የመቃብሩ የድንጋይ ጽላት ሳይቀር እዚያው መሃል ተሰልፏል። ድንጋይ ነው እኮ! ለአመነምሃት ግን ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ ከእሱ የተለየ አይደለም። ስለዚህ ለልጅዎ ቁጥር አይንገሯት።

ካ የሚባለውን ከምግብ ጋር አያይዘው ቢያስቡት ይቀልዎታል። በጽሑፋቸው ምልክቱ ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት እጆች ናቸው። ሰው ሲፈጠር አብሮት የሚፈጠር፣ ሕያው የሚያደርገው ኃይል ነው። ሉክሶር ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የበግ ራስ ያለው አምላክ ኽኑም በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ላይ ሕፃኑን ንጉሥና ካውን ጎን ለጎን ሲያበጅ ይታያል። ሁለት ቁርጥ አንድ ዓይነት ልጆች ናቸው። ሰው ለሰው መጠጥ ሲያቀርብ «ለካህ!» ይለው ነበር፣ እኛ «ለጤናህ» እንደምንለው። የሞተ ሰው ደግሞ «ወደ ካው ሄደ» ይባላል።

ካ ከሞት በኋላም ይርበዋል። ስለዚህ መቃብሩ ላይ ከድንጋይ የተቀረጸ፣ የማይከፈት የውሸት በር ይሠራለታል። መባው ከበሩ ፊት ይቀመጣል። ካው በበሩ ወጥቶ ይበላል። መቼስ የሚበላው ምግቡን ሳይሆን የምግቡን ፍሬ ነገር ነው። የተረፈውን ካህናቱ ይቋደሱታል። ልጅ ልጆቹ ቢረሱትስ? ለዚያም መላ አላቸው። መቃብሩ ላይ መንገደኛን የሚለምን ጽሑፍ ይቀረጻል። በዚህ የምታልፉ ሰዎች ሆይ፣ ሌላ ባትሰጡኝ እንኳ «ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ፣ ሺህ በሬ፣ ሺህ ወፍ ለእገሌ ካ» በሉልኝ፣ የአፍ እስትንፋስ እንጂ ወጪ የለውም ይላል። (ብዙዎች ቢራ ብለው ይተረጉሙታል። እኔ ጠላ ማለት ይቀናኛል። ከገብስ የሚጠመቅ ወፍራም ነገር ነበር፣ እንደ ዛሬው ጠርሙስ ቢራ እንዳይመስልዎት።) ማንም አላፊ አግዳሚ ስሙን ጠርቶ ይህን ካለለት በላ ማለት ነው።

ሳቃራ ላይ የንጉሥ ጆሴር ባለ ደረጃ ፒራሚድ አለ፣ በ27ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. አካባቢ የተሠራ። በሰሜን በኩል ተጠግታ የተሠራች አንዲት ትንሽ የድንጋይ ክፍል አለች። በር የላትም። ፊቷ ላይ ግን ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። እኔ እዚያ ስደርስ ጎንበስ ብዬ በአንዱ አየሁ። ጆሴር ቁጭ ብሎ እኔን ያያል። በእውነት ነው የምልዎት፣ ወደ ኋላ አልኩ። አሁን ያለው ሐውልት ቅጂ ነው፣ ዋናው ካይሮ ሙዚየም ገብቷል። ቀዳዳዎቹ ግን ለእኔ ዓይን አልተበጁም። ለእሱ ናቸው። ወደ ውጭ እንዲያይ፣ የዕጣኑ ሽታ እንዲደርሰው።

ዕጣን ካነሳሁ አይቀር፣ የሚወዱት ዕጣንና ከርቤ «ፑንት» ከሚሉት አገር ይመጣ ነበር። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ፑንትን የሚያስቀምጡት በኛ አካባቢ፣ በቀይ ባሕር ደቡብ ዳርቻና በአፍሪካ ቀንድ ነው። ንግሥት ሃትሼፕሱት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የላከቻቸው መርከቦች የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ተሸክመው ሲመለሱ ዴይር ኤል ባህሪ ባለው ቤተ መቅደሷ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ወደ ባ ልምጣ፤ መጻሕፍቱ «ነፍስ» እያሉ የሚተረጉሟት እሷን ነው። የሰው ራስ ያላት ወፍ ናት። ባ የምትንቀሳቀሰው ክፍል ናት። ሥጋ መቃብር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ባ ግን ቀን ቀን ትወጣለች፣ ዛፍ ጥላ ስር ታርፋለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች። ነፍስ ብሎ መተርጎሙ ለምን እንደማይመቸኝ ልንገርዎ። ግብፃውያን ክርስቲያን ሲሆኑ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ገዛ ቋንቋቸው፣ ወደ ቅብጥ መለሱት። ቅብጥ የፈርዖኖቹ ቋንቋ የመጨረሻ መልክ ነው። «ነፍስ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን ባ አላሉም። «ፕሲኬ» የሚለውን የግሪክ ቃል ተዋሱ። ባ ነፍስ አለመሆኗን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «አመንቴ» ማለትም ምዕራብ የሚለውን የሙታን አገር ስም ግን አልጣሉትም። የሲኦል ስም አደረጉት።

ባ ከሞት በፊትም አለች። በርሊን ባለ አንድ ፓፒረስ ላይ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. አካባቢ፣ ኑሮ የመረረው ሰው ከገዛ ባው ጋር ይከራከራል። ሰውየው ሞት ዛሬ በፊቴ እንደ ከርቤ ሽታ ነው፣ በነፋሻ ቀን ከመርከብ ሸራ ስር እንደ መቀመጥ ነው ይላል። ባው ደግሞ ተው ትለዋለች። በግራናይት መቃብር የሠሩትም እንደ ተረሳ ሰው መባቸው ባዶ ቀርቷል፣ ይልቅ ደስ የሚልህን ቀን ተከተል፣ ጭንቀትህን እርሳ ትለዋለች። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የተጻፈ መሆኑን ሳስበው ይገርመኛል።

እንግዲህ የልጅዎ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው። ባ ማታ ማታ ወደ ሥጋዋ መመለስ አለባት። «የሙታን መጽሐፍ» በምንለው የድግምት ስብስብ ውስጥ 89ኛው ባ ከሥጋዋ ጋር እንድትገናኝ የሚደገም ነው። ሥዕሉ ላይ የተገነዘው አስከሬን አልጋው ላይ ተዘርግቷል፣ ባ ክንፎቿን ዘርግታ ደረቱ ላይ ታንዣብባለች። ፀሐይዋም ብትሆን እንዲሁ ናት። በንጉሦች መቃብር ግድግዳ ላይ በተሳለው የሌሊት ጉዞ፣ በስድስተኛው ሰዓት፣ በድቅድቁ ጨለማ መካከል የፀሐይ አምላክ ከሬሳው ጋር ይገናኛል። በዚያች ቅጽበት ኃይል ያገኛል፣ ጠዋትም ይወጣል። ባ የምታርፍበት ሥጋ ከበሰበሰ ግን ወፏ መግቢያ የላትም።

ሥጋውን የማዘጋጀቱ ሥራ 70 ቀን ይፈጅ ነበር። ሆድ ዕቃው ይወጣል። ጉበት፣ ሳንባ፣ ጨጓራና አንጀት ለየብቻ ደርቀው በአራት ማሰሮ ይቀመጣሉ። ሬሳው ናትሮን በሚባል የተፈጥሮ ጨው ይሸፈናል፣ ጨውም እርጥበቱን ይመጠዋል። ናትሮኑ የሚመጣው በዋናነት ከዋዲ ናትሩን ነው። ቦታው ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። በኋላ ዘመን አባ መቃርስና መነኮሳቱ የሰፈሩበት ገዳመ አስቄጥስ እሱ ነው። ከዚያ ሬሳው ዘይትና ሙጫ ተቀብቶ በተልባ እግር ጨርቅ ይጠቀለላል። የቀብሩ ቀን ካህኑ ሙሚውን (የተገነዘውን ሬሳ) ቀጥ አድርጎ አቁሞ በመጥረቢያ መሳይ መሣሪያ አፉን ይነካዋል። «አፍ መክፈት» ይሉታል። ከዚያ በኋላ መብላት፣ መናገር፣ መተንፈስ ይችላል።

አንጎሉስ ምን ይሆናል? በአፍንጫ በኩል በሜንጦ ያወጡትና ይጥሉታል። ማሰሮም አልተሠራለትም። ልቡን ግን ቦታው ላይ ይተዉታል። ፈረንጆች ይህ ይገርማቸዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ብዙ ሊገርመው አይገባም። እኛም «ልብ በል»፣ «ልብ የለውም»፣ «ልብ ገዛ» እንላለን፣ የምናወራውም ስለ ደም ሥር አይደለም። ለግብፃዊም ልብ የሚያስበው፣ የሚያስታውሰው፣ የሚመክረው ክፍል ነው። የሠራውን ሁሉ መዝግቦ የያዘ ምስክር ነው። ስለዚህም ነው የሚያስፈራው።

የአኒን ፓፒረስ ሥዕል ፈልገው ለልጅዎ ያሳዩአት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የተሠራ ነው፣ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። አኒና ሚስቱ ቱቱ በስተግራ ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ፊታቸው ትልቅ ሚዛን ተተክሏል። በአንዱ ሳህን የአኒ ልብ፣ በሌላው የማአት ላባ። ማአት እውነት ናት፣ ፍትሕ ናት፣ ዓለም የቆመችበት ሥርዓት ናት። ሚዛኑ አናት ላይ ዝንጀሮ ቁጭ ብሏል። የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ ተንበርክኮ እንደ ግንበኛ ቱንቢውን ያስተካክላል። ባለ ወፍ ራሱ ቶት ብዕሩን ይዞ ውጤቱን ለመጻፍ ቆሟል። ከኋላው አሚት ታደፍጣለች። ራሷ አዞ፣ ደረቷ አንበሳ፣ ኋላዋ ጉማሬ። የወደቀ ልብ የእሷ ምሳ ነው። የአኒ ባም ከሚዛኑ ወዲህ ቆማ የሚሆነውን ታያለች።

አሁን ሚዛኑን ልብ ብለው ይዩት። ወደየትም አላጋደለም። የሚፈለገው ልብ ከላባው ጋር እኩል እንዲሆን ነው። ይህን ስል የኛን የበላዔ ሰብእ ታሪክ የሚያስታውስ አይጠፋም። እዚያም ሚዛን አለ። በአንድ ወገን የበላቸው 78 ነፍሳት፣ በሌላ ወገን ለለምጻሙ በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውሃ። እዚያ ግን ደግና ክፉ ሥራ ተመዛዝኖ አንዱ ያጋድላል፣ አማላጅም አለች። ግብፃዊው ዘንድ አማላጅ የለም። በዚህ ሥዕል ደግ ሥራ ክፉውን ሲያካክስም አይታይም። የሚመዘነው ሰውየው ራሱ ከእውነት ጋር ነው።

ከዚያ ሟች በ42 ዳኞች ፊት አንድ በአንድ «አላደረግሁም» ይላል። አልሰረቅሁም፣ አልገደልኩም። ከዋናው ዝርዝር በፊት ያለው ክፍል ደግሞ የገበያና የእርሻ ሽታ አለው። መስፈሪያ አላጎደልኩም፣ ሚዛን ላይ አልጨመርኩም፣ ከሕፃን አፍ ወተት አልነጠቅሁም፣ ውሃን በወቅቱ አልከለከልኩም፣ በሚፈስ ውሃ ላይ ግድብ አልሠራሁም። የመጨረሻዋን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ ይገባኛል። የሚያወራው ስለ መስኖ ቦይ ነው፣ ላይ ያለው ገበሬ ታች ላለው ጎረቤቱ ስለ መዝጋቱ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ሥነ ምግባር ነው። ግን ጎን ለጎን ማጭበርበሪያም አለ፣ እሱንም ልደብቅዎ አልችልም። 30ኛው ድግምት ሟች ልቡን የሚለምንበት ነው። «ከእናቴ ያገኘሁህ ልቤ ሆይ፣ በፍርድ ቤት አትመስክርብኝ፣ በሚዛን ጠባቂው ፊት አታጋድልብኝ» ይላል። ይህ በጥንዚዛ ቅርጽ በተሠራ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ሙሚው ደረት ላይ ይቀመጣል። ልብን ዝም ማሰኛ መሆኑ ነው። የሙታን መጽሐፍ ጥቅልሉም የሚገዛ ዕቃ ነበር። አንዳንዱ አስቀድሞ ተጽፎ የስም ቦታው ባዶ ይተዋል፣ ገዢ ሲገኝ ይሞላል። ልክ እንደ ዛሬ ፎርም። የአኒ ጥቅልልም በከፊል እንዲህ የተዘጋጀ ነው። በ24ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ውስጥ ይህን መሰሉ ጽሑፍ ሲቀረጽ የንጉሥ ብቻ ነበር። ከሺህ ዓመት በኋላ አቅም ያለው ጸሐፊም ይገዛዋል። ድሃው ግን ያው አሸዋ ውስጥ ይቀበራል።

ከሟች ጋር የሚቀበር ጽሑፍ ሲባል «ልፋፈ ጽድቅ» ትዝ ያላችሁ አላችሁ። ነገሩን ያያያዘው አንድ ሰው ነው፣ ዋሊስ ባጅ የሚባል እንግሊዛዊ። በ1888 እ.ኤ.አ. የአኒን ፓፒረስ ለብሪቲሽ ሙዚየም የገዛው እሱ ነው። 24 ሜትር ገደማ የነበረውን ጥቅልል 37 ቦታ ያስቆረጠውም እሱ ነው፣ ስንቱ ባለሙያ ሲረግመው ኖሯል። በ1929 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልፋፈ ጽድቅን ተርጉሞ ሲያሳትም «የኢትዮጵያውያን የሙታን መጽሐፍ» የሚል ስም ጨመረበት። ስሙ ይማርካል። ሁለቱም ከሬሳ ጋር ይቀበራሉ፣ በሁለቱም ኅቡእ ስም ማወቅ በር ያስከፍታል። ነገር ግን የግብፁ ወግ ከጠፋ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የኛ ብራናዎች የሚታዩት፣ ጸሎቱም ክርስቲያናዊ ነው። የእናትና ልጅ ያህል አድርጎ የሚያቀርብልዎትን አይመኑ።

የስምና የጥላ ነገር አጭር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ነው የምንለውን እነሱ ቃል በቃል ያምኑት ነበር። ስሙ የሚጠራ አልሞተም። ጠላትን በእውነት መግደል ሲፈልጉ ስሙን ከድንጋይ ይፍቁ ነበር። ሃትሼፕሱት ከሞተች በኋላ የደረሰባት ይኸው ነው። ጥላ ደግሞ ዴይር ኤል መዲና በሚገኝ አንድ መቃብር ላይ ከበሩ የሚወጣ ጥቁር ሰው ሆኖ ተስሏል፣ ባ በላዩ እየበረረች።

ሁሉም ተሰብስቦ ፍርዱም ካለፈ ሟች «አኽ» ይሆናል። ብርሃናማ፣ ኃይል ያለው መንፈስ። ካና ባ አብረውን የሚወለዱ ናቸው፣ አኽ ግን የሚደረስበት ማዕረግ ነው። አኽ ሕያዋንን መርዳትም መጉዳትም ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። ከሁሉ የማልረሳው ላይደን ሙዚየም ያለውን ነው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ገደማ አንድ ባል ለሞተች ሚስቱ ለአንክሂሪ የጻፈው። ነገሮች አልሆን ብለውታል፣ እሷ ናት ብሎ ጠርጥሯል። ምን በደልኩሽ ይላታል። ስትታመሚ ሐኪም አመጣሁልሽ፣ ስትሞቺ ከሰዎቼ ጋር አለቀስኩልሽ፣ ጥሩ ጨርቅ ገዝቼ አስገነዝኩሽ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሌላ ቤት ሳልገባ ብቻዬን አለሁ ይላል። ሊከሳትም ያስፈራራታል። ዘመን ተለወጠና በቅብጥ ቋንቋ ያው «አኽ» የሚለው ቃል ጋኔን ማለት ሆነ።

የሚሄዱበት አገር የሸምበቆ ሜዳ ይባላል። ግብፅ ራሷ ናት፣ ትንሽ አማረችና። ገብሱ ቁመቱ አምስት ክንድ ነው፣ ወደ 2.6 ሜትር። ሰነጀም የሚባል የእጅ ባለሙያ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ ከሚስቱ ጋር ነጭ በነጭ ለብሰው ሲያርሱና ሲያጭዱ ይታያሉ። ጭቃ የለ፣ ላብ የለ። ሥራ ለሚጠላ ደግሞ መፍትሔ አለ። «ሻብቲ» የሚባሉ ትንንሽ ምስሎች ከሟች ጋር ይቀበራሉ። ሥራ ሲታዘዝ «አቤት፣ እኔ አለሁ» ብለው በምትኩ ይወጣሉ። ቱታንካሙን 413 ነበሩት። 365ቱ ለየቀኑ አንድ ሠራተኛ፣ 36ቱ አለቆች፣ 12ቱ የየወሩ ተቆጣጣሪዎች። በሰማይም ቢሮክራሲ!

ሁሉም ያምን ነበር ወይ? በገና ደርዳሪዎች በግብዣ ላይ የሚዘፍኑት አንድ ዘፈን «ከዚያ መጥቶ የነገረን የለም፣ ሄዶም የተመለሰ የለም፣ ዛሬን ደስ ይበልህ» ይላል። በዘጠነኛው ራምሴስ ዘመን የተያዙ ሌቦችም የንጉሥና የንግሥት መቃብር ከፍተው ወርቁን ከሙሚው ላይ እንደገፈፉና የሬሳ ሣጥኑን እንዳቃጠሉ ለመርማሪ ቃላቸውን ሰጥተዋል። አሚትን የፈሩ አይመስሉም።

የቀረችው እንስሳ ሆኖ መመለስ የምትለዋ ናት። ይህን ያስወራው የግሪኩ ሄሮዶቱስ ነው፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ.። ግብፃውያን ነፍስ በ3000 ዓመት ውስጥ የምድር፣ የባሕርና የአየር እንስሳትን ሁሉ ዞራ ወደ ሰው ትመለሳለች ይላሉ ብሎ ጻፈ። የራሳቸው ጽሑፍ ይህን አይልም። የተሳሳተበት ምክንያት ግን ይገመታል። በሙታን መጽሐፍ ውስጥ ሟች ጭልፊት፣ የአበባ ሎተስ፣ እባብ፣ አዞ እንዲሆን የሚደገሙ ድግምቶች አሉ። ይህ ግን እንደገና መወለድ አይደለም። ሟች በፈለገው መልክ ከመቃብር ወጥቶ እንዲንሸራሸር ነው። እኛ የሙታን መጽሐፍ የምንለውን እነሱ «በቀን የመውጫ» ይሉት ነበር። 86ኛው ወንጭፊት ለመሆን ነው። እንግዲህ ወንጭፊት ሆኖ የወጣው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ በዓባይ ላይ ሲበር ይውላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ይመለሳል፣ የተገነዘው ሥጋው ሳጥን ውስጥ ይጠብቀዋል።